ጀርባውና ጭንቅላቱ አንድ ጉዳይ ነበሩ፦ ከስፓይና ቢፊዳ ጋር የተወለደ ልጅ እናት ተሞክሮ

ልጄ ገና በማሕፀኔ ሳለ ስፓይና ቢፊዳ፣ ማለትም አከርካሪው በተፈጥሮ ሳይዘጋ የመቅረት ችግር፣ እንዳለበት የታወቀው በጭንቅላቱ በኩል ነበር። በ28ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ስታይ ሐኪሙ መሣሪያውን በሆዴ ላይ እያንሸራተተ ቆይቶ የጽንሱ ማጅራት አካባቢ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከዚያ በአከርካሪው በኩል ቁልቁል ወረደ፤ እንደገናም ወደ ማጅራቱ ተመለሰ። «ትንሹ አንጎል ክብ መሆን ሲገባው እንደ ሙዝ ታጥፎ ይታየኛል፤ እንዲህ ሲሆን ጀርባ ላይ ክፍተት መኖር አለመኖሩን አጥብቀን እንፈልጋለን» አለኝ። ፈለገ፤ ከወገብ በታችም አገኘው። እኔ በዚያ ሰዓት የጀርባ ችግር በጭንቅላት ላይ እንዴት ሊታይ እንደቻለ ፈጽሞ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ልጄ 11 ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የገጠመን አስጊ ነገር ሁሉ የመጣው፣ እኛም ሆንን አንዳንድ የሕክምና ባለሙያዎች ጀርባውን ለብቻው፣ ጭንቅላቱን ለብቻው አድርገን በተመለከትንባቸው ጊዜያት ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ዜና በቅርቡ ለሰሙ ወላጆች ነው። እናት እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የማነሣቸው የሕክምና ጉዳዮች ግን በየቀጠሮው እየጠየቅሁ የተረዳኋቸውና በልጄ ላይ ያየኋቸው ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ላስረዳ፤ ምክንያቱም ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው የሐኪሞቹ ንግግር ትርጉም የሰጠኝ። ፅንስ ከተፈጠረ በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ በወጉ ሳናውቅ፣ በፅንሱ ጀርባ በኩል ያለ ጠፍጣፋ የሴሎች ንጣፍ ግራና ቀኙ ተጠቅልሎ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። የቱቦው የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ህብለ ሰረሰር ሆኖ ያድጋል። ቱቦው በታችኛው ክፍል ሳይገጥም ሲቀር የአከርካሪው አጥንት በዚያ ስፍራ አይዘጋም፤ ህብለ ሰረሰሩና ሽፋኖቹም በክፍተቱ ወጥተው በሕፃኑ ጀርባ ላይ እንደ ቀጭን ከረጢት ይታያሉ። ማይሎሜኒንጎሴል የሚባለው ከባዱ የስፓይና ቢፊዳ ዓይነት ይህ ነው፤ የልጄም እርሱ ነበር።

ታዲያ አንጎሉን ምን አገኘው? ማክሎንና ኔፐር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ማብራሪያ ለእኔ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ሆኖልኛል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር በአንድ ፈሳሽ ይታጠባሉ፤ ይህ ፈሳሽ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ክፍት ጎድጓዶች ወጠር አድርጎ ሲይዝ ነው በዙሪያቸው ያለው የራስ ቅል እየሰፋ የሚሄደው። ጀርባ ላይ ክፍተት ሲኖር ፈሳሹ በዚያ በኩል ይወጣል፤ ጎድጓዶቹ በሚገባ አይወጠሩም፤ የራስ ቅሉ የኋላ ክፍልም ጠብቦ ይቀራል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ማደግ ያለባቸው ትንሹ አንጎልና የአንጎል ግንድ ቦታ ሲያጡ፣ በራስ ቅል ግርጌ ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ አንገት ይወርዳሉ። ይህ መውረድ ኪያሪ ዓይነት ሁለት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ስለዚህ ዓይነቱ የአንጎል መውረድ በጽሑፍ ካብራራው ሐንስ ኪያሪ ከተባለው ሐኪም ነው። ማይሎሜኒንጎሴል ባለባቸው ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ሁሉም ግን በእርሱ አይታመሙም። የፈሳሹ መተላለፊያ ስለሚታወክም በብዙዎቹ ላይ ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ይህ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ስማቸው ብዙም የማይነሣ አብረው የሚመጡ ነገሮች አሉ። ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ በብዙዎቹ ልጆች ላይ ሳስቶ ወይም በከፊል ጎድሎ ይገኛል። በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ቦይ ሊፈጠር ይችላል። በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታያል። የልጄን ኤም አር አይ ውጤት መጀመሪያ ሳነብ የስሞቹ ብዛት አስደንግጦኝ ነበር፤ ልጄ ስድስት በሽታ ያለበት መስሎኝ አለቀስሁ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ገለበጠውና በጀርባው ላይ አንድ ረጅም ቱቦ ሣለልኝ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ስም በቱቦው ላይ አንድ በአንድ ጻፈ። ያ ወረቀት እስካሁን አለኝ። እናንተም የሚያስረዳችሁን ባለሙያ በሥዕል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ በቃል ከተነገረኝ ሁሉ ይልቅ ያ ሥዕል ረድቶኛል።

ስለ ማሕፀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ብዙ ወላጆች ስለሚጠይቁኝ በአጭሩ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከ26ኛው ሳምንት በፊት በማሕፀን ሳሉ ጀርባቸው የተዘጋላቸውን ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ ከተዘጋላቸው ጋር አነጻጽሯል። እስከ አንድ ዓመታቸው ድረስ ፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ የተገባላቸው በመጀመሪያው ቡድን 40 በመቶ፣ በሁለተኛው 82 በመቶ ነበሩ፤ የትንሹ አንጎል መውረድም በብዙዎቹ ላይ ቀንሶ ታይቷል። ጀርባን ቀድሞ መዝጋት ጭንቅላትን መርዳቱ የሁለቱን ትስስር በደንብ ያሳያል። በሌላ በኩል ያለጊዜው መውለድ ጨምሯል፤ በእናቲቱ ማሕፀን ላይ የሚቀረው ጠባሳም ለቀጣዮቹ እርግዝናዎች ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። የእኔ 28ኛ ሳምንት ላይ ስለታወቀ ይህ ዕድል አልፎ ነበር። በ18ኛውና በ20ኛው ሳምንት መካከል የሚደረገውን የአልትራሳውንድ ምርመራ አታሳልፉት የምለው ለዚህ ነው፤ በዚያ ጊዜ የጭንቅላቱ ፊት ለፊት እንደ ሎሚ ሾጠጥ ብሎ መታየቱም አንዱ ምልክት ነው። ይህ ምልክት እርግዝናው ሲገፋ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ልጄ በቀዶ ሕክምና ተወለደ፤ በማግስቱም ጀርባው ተዘጋለት። ቁስሉ ሲጠግ ቤተሰቡ ሁሉ እፎይ አለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉኝ የመጡት ሰዎች ጀርባውን እያዩ ይደሰቱ ነበር፤ እኔም ዋናው ነገር ያለፈ መስሎኝ ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ሲስተር ለብቻዬ ጠርታ የልብስ ሰፊ ሜትር የሚመስል የወረቀት ሜትር ሰጠችኝና ከቅንድቡ በላይ፣ ከጆሮዎቹ በላይና ከማጅራቱ ጎልቶ በሚወጣው አጥንት ላይ እንዴት እንደሚዞር አሳየችኝ። «ጀርባው ሲዘጋ ፈሳሹ ይወጣበት የነበረው በር ተዘግቷል፤ ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምትጠብቂው ጭንቅላቱን ነው» አለችኝ። ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

በየጠዋቱ ለካሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጤናማ ሕፃን ራስ ዙሪያ በሳምንት በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚጨምር ነግረውኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ጨመረ። መጀመሪያ ሜትሩን አላግባብ የያዝሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ ባለቤቴም ለካው፤ ያው ነው። እርግብግቢቱን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ተቀምጦ ሳለ ጎድጎድ ማለት ሲገባው ከበሮ እንደተወጠረበት ቆዳ ጠጥሮ ነበር። ዓይኖቹም ወደ ታች ወርደው ከብሌኑ በላይ ያለው ነጭ ክፍል ይታይ ነበር። በዚያው ቀን ወሰድነው፤ በሁለተኛው ቀን ሸንት ገባለት። ሸንት ማለት ከአንጎል ጎድጓድ ተነሥቶ በቆዳ ሥር በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚደርስ፣ መሐሉ ላይ ግፊቱን የሚቆጣጠር ቫልቭ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። በኋላ እንዳነበብሁት፣ በሰፊው ሥራ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ ቫልቮች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው ጆን ሆልተር የተባለ የቴክኒክ ሰው ነው፤ ልጁ ከስፓይና ቢፊዳና ከሃይድሮሴፋለስ ጋር የተወለደበት አባት ነበር። በየሌሊቱ የልጄን ቫልቭ ከጆሮው ጀርባ ስዳብስ ያንን አባት አስበዋለሁ። በአንዳንድ ልጆች ላይ ያለ ቱቦ፣ ኢንዶስኮፕ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ለፈሳሹ ሌላ መውጫ መክፈት ይቻላል፤ ለልጃችሁ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስት ወር ሲሞላው ያልጠበቅሁት መጣ። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ከጉሮሮው «ሲር» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ያንሳል፤ ሲጠባ ወተቱ ወደ አፍንጫው ይመለሳል። ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድሁት፤ የልጁን ጀርባ አይተው ጠባሳው ጥሩ መሆኑን ነገሩኝና ድምፁን ጉንፋን ነው ብለው የአፍንጫ ጠብታ ሰጥተው መለሱኝ። እኔም አመንሁ፤ ሁለት ሌሊት ጠብታ እያንጠባጠብሁ አሳለፍሁ። በሦስተኛው ሌሊት እየጠባ ሳለ ትንታ ያዘው፤ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ፤ መተንፈስ አቆመ። ምን ያህል ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም። ባለቤቴ ገልብጦ በመዳፉ መሐል ለመሐል ጀርባውን ሲመታው ተነፈሰ።

ድንገተኛ ክፍል የደረሰልን የነርቭ ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር «ሸንቱ ይሠራል?» የሚል ነበር። እኔ ስለ ጉሮሮው ልነግረው ነበር የሄድሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የድምፅ አውታሮችን፣ መዋጥንና መተንፈስን የሚያዝዙት ነርቮች የሚነሡት ወደ አንገት ከወረደው የአንጎል ግንድ ነው። ሸንቱ ሲደፈን ከላይ ያለው ግፊት ይህንኑ ግንድ ይበልጥ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጫናውም በጉሮሮ ይገለጣል። ሸንቱ ተደፍኖ ነበር፤ ሲቀየርለት በአራተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ፤ ሲያለቅስም ጎረቤት የሚያስነሣ ሆነ። ሸንቱ በደንብ እየሠራ ምልክቱ ካልተወ ግን በማጅራት በኩል አጥንቱን ከፍቶ ለወረደው አንጎል ቦታ የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና እንደሚታሰብ፣ አንዳንድ ሕፃናትም የመተንፈሻ ወይም የመመገቢያ ቱቦ እንደሚያስፈልጋቸው ነገረን። ከማይሎሜኒንጎሴል ጋር በተወለዱ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ለሞት ከሚያደርሱት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ይህ የአንጎል ግንድ መጫን ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ሕፃን ሲተነፍስ ሲር ካለ፣ የለቅሶው ድምፅ ከደከመ፣ ሲውጥ የሚታነቅ ከሆነ ወይም ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ጉንፋን ነው የሚለውን መልስ ይዛችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። «ኪያሪ አለበት፤ ሸንቱ ይታይልኝ» በሉ። ይህችን ዐረፍተ ነገር እኔ ያን ጊዜ ባውቃት ኖሮ ያ ሌሊት ባልመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ሰላም ሆነን። በእግር መደገፊያው እየታገዘ ቆመ፤ በሦስት ዓመት ተኩል ተራመደ፤ ትምህርት ቤት ገባ። ሰላሙ ረጅም ሲሆን ሰው ይዘነጋል።

ሰባት ዓመቱ ላይ በጠዋት ሲነሣ «እማዬ፣ አንገቴን ያመኛል» ይለኝ ጀመር። ረፋዱ ላይ ይተወዋል። ትራስ ቀየርሁለት። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ያስመልሰው ነበር፤ ካስመለሰ በኋላ ይሻለዋል። አንድ ሐኪም ጨጓራ ነው አለን፤ ሌላው የአቀማመጥ ችግር ነው አለን። ልቤን የሰቀለው ግን ደብተሩ ነው። ልጄ ፊደል አጣጣሉ ንጹሕ ነበር። አንድ ማታ የቤት ሥራውን ሳይ የዚያ ሳምንት ፊደላት ከመስመሩ እየወረዱ፣ የ«ጠ» እግሮች እየተዛነፉ፣ ገጹ ታች ሲደርስ ማንበብ እስኪያቅት ድረስ ተንቀጥቅጠዋል። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥሁ፤ ከአንድ ወር በፊት የጻፈው ቀጥ ያለ ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወርዷል። እርሳሱን ያዝልኝ ብዬ በቀስታ ስስበው ያለ ምንም ትግል ከቀኝ እጁ ወጣ። የግራው ግን አልለቀቀልኝም።

በመጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ጎድጓዶቹ ያን ያህል አልሰፉም፤ ሸንቱ ደህና ነው» ተባልን። ይህን ስሰማ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን አምስት ዓመቱ ላይ፣ ምንም ሳያመው፣ ለክትትል የተነሣው ምስል ያለበትን ሲዲ በቦርሳዬ ይዤ ስለነበር በሌላ ቀን ለሚከታተለን የነርቭ ቀዶ ሐኪም አሳየሁት። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈተና በጣቱ አመለከተኝ፤ ጎድጓዶቹ ለሌላ ልጅ መደበኛ ቢመስሉም ለእርሱ ሰፍተዋል። ለብዙ ዓመት ሸንት የነበራቸው ልጆች አንጎል ብዙ ላይሰፋ እንደሚችል፣ ምስሉ ደህና መስሎ ሸንቱ የተደፈነባቸው ልጆች እንዳሉም ያን ቀን ተማርሁ። ቀጥሎ የአንገትና የጀርባ ኤም አር አይ ተነሣ፤ በህብለ ሰረሰሩ መሐል ከአንገት እስከ ደረቱ አጋማሽ የወረደ ፈሳሽ የቋጠረ ቦይ ታየ። የቀኝ እጁን ያደከመው እርሱ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበልን። አንደኛው ባለሙያ በማጅራት በኩል ኪያሪውን እንክፈት አለ፤ የእኛ ሐኪም ግን ሸንቱን ሳያረጋግጡ ወደ ኪያሪው መሄድ ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው በማለት አስቀድሞ ሸንቱን ፈትሾ ለመቀየር ወሰነ። ሲከፈት ቫልቩ ተደፍኖ ተገኘ። በተቀየረለት በማግስቱ ጠዋት አንገቱን እንደልቡ አዙሮ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ፊደሉ ወደ መስመሩ ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ ወሰደበት፤ ከስድስት ወር በኋላ በተነሣው ኤም አር አይ ቦዩ በግልጽ ጠብቦ ታየ። ኪያሪው እስከ ዛሬ አልተነካም። ከላይ ያለ ግፊት እስከ ደረቱ ድረስ ወርዶ ህብለ ሰረሰሩን ሲያሳብጥ፣ ግፊቱ ሲስተካከል ደግሞ ታች ያለው እብጠት ሲጎድል በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ደህና በሆነበት ወቅት የተነሣ ምስል ይኑራችሁ፤ ቅጂውንም በቤታችሁ አኑሩ፤ ወደ ማታውቁት ሆስፒታል ድንገት ብትሄዱ ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት ሌላ ነገር አይኖረውም።

በአሥር ዓመቱ ጉዳዩ ከታች ጀመረ። በአንድ ክረምት ቁመቱ ተመዘዘ፤ ከዚያ የግራ እግሩ ጣት ወደ ውስጥ ይዞር ጀመር፤ ወገቡን ያመዋል፤ ሽንቱን በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን የሽንት ማስወጫ ቱቦ፣ በምናስወጣባቸው ሰዓቶች መካከል ደርቆ ይውል የነበረው ልጅ ልብሱ ይርስበት ጀመር። በሕፃንነቱ የተዘጋው ጀርባ ሲጠግ ህብለ ሰረሰሩ ከጠባሳው ጋር ይጣበቃል፤ ልጅ ሲያድግ አጥንቱ ይረዝማል፣ የተጣበቀው ነርቭ ግን ይወጠራል። በምስል ላይ መጣበቁ የሁሉም ልጆች ነው ማለት ይቻላል፤ ለቀዶ ሕክምና የሚያበቃው ምስሉ ሳይሆን እንዲህ ያለው የአካል ለውጥ ነው። ሐኪሙ አሁንም በመጀመሪያ ያየው ሸንቱን ነበር፤ ምክንያቱም የተደፈነ ሸንትም እግርንና ፊኛን ሊያደክም ይችላል። መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ የተጣበቀው ተፈታ። ሕመሙ ወዲያው ለቀቀው፤ ፊኛው ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ የእግሩ መዞር ግን በከፊል ቀርቷል። ሦስት ወር ዘግይተናል፤ ይህ ይቆጨኛል።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። ካቴተር ገና በሕፃንነቱ ነው የጀመርንለት፤ ኩላሊቱን የጠበቀለት ይህ ነው። ፊኛው ባዶ የማይሆን ልጅ ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰ ኩላሊቱን ስለሚጎዳ፣ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በንጹሕ እጅ ማስወጣት የማይታለፍ ሥራ ነው። እነዚህ ልጆች ላቴክስ ለሚባለው የጎማ ዓይነት በቀላሉ አለርጂ ስለሚሆኑ ጓንቱም ካቴተሩም ፊኛ መጫወቻውም ከላቴክስ ነጻ መሆን አለበት። እግሩ ሙቀት ስለማይሰማው ከመታጠቡ በፊት ውኃውን በክርናችን እንለካለን፤ ማታ ማታም የእግሩን መዳፍና ተረከዝ እናያለን፤ ጫማ የላጠው ትንሽ ቦታ በሁለት ቀን ቁስል ይሆናል።

ትምህርቱን በተመለከተ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ልጆቻችን በማያውቋቸው ሰዎች ዘንድ በደል የሚደርስባቸው እዚህ ላይ ነውና። ልጄ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ከአዋቂ ጋር ሲያወራ ሰው ይገረማል። በዚህ የተነሣ አስተማሪዎቹ ሒሳብ ሲያቅተው፣ ደብተር ሲረሳ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ሲቀር ሰነፍ ነው ይሉ ነበር። አንዴ «አፉ ብቻ ነው» ሲባል ሰምቶ መጥቶ ሦስት ቀን አልናገርም አለ። የነርቭ ድልድዩ መሳሳትና የትንሹ አንጎል አፈጣጠር ትኩረትን፣ ቅደም ተከተልንና የቦታ ግንዛቤን እንደሚያውክ፣ ንግግርን ግን ብዙ ጊዜ እንደሚተው ለአስተማሪው ያስረዳሁት ያንኑ በሐኪሙ የተሣለውን ወረቀት ይዤ ሄጄ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መስጠት ቀረ፤ የሚሠራው በቅደም ተከተል ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍለታል፤ ለፈተናም ተጨማሪ ጊዜ ተፈቀደለት። አንድ ነገር ግን አስተማሪውን አደራ አልኩት፦ ያውቀው የነበረውን ድንገት ቢያጣ፣ ቢፈዝ ወይም በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ቢያበዛ፣ ያን ጊዜ የትምህርት ጉዳይ ስላልሆነ እንዲደውልልኝ።

ሌላ ልጅ መውለድ ለምታስቡም እንዲህ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪታንያ ይፋ የሆነ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ እርግዝና የነበራቸው እናቶች ከመፀነሳቸው አስቀድሞ ጀምረው በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ለሌሎች ሴቶች የሚመከረው 400 ማይክሮ ግራም ነው። ቱቦው በ28ኛው ቀን ስለሚዘጋ ክኒኑ ማርገዝን ካወቁ በኋላ ቢጀመር ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይም ቫልፕሮኤት የምትወስዱ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። እኔ ሴት ልጄን ከመፀነሴ ሦስት ወር በፊት ጀምሬ በሐኪም ትእዛዝ ከፍተኛውን መጠን ወሰድሁ፤ በ19ኛው ሳምንት ትንሹ አንጎሏ ክብ ሆኖ ታየ።

ልጄ አሁን የራሱ ደብተር አለው። በየእሑዱ አምስት ነገር ይጽፍበታል፦ ራስ ምታትና የአንገት ሕመም፣ ማስመለስ፣ የእጁ ጥንካሬ፣ አረማመዱ፣ ሽንቱ። ባለፈው ቀጠሯችን ሐኪሙ «እንዴት ከረምህ?» ብሎ ሲጠይቀው እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ደብተሩን ገለጠና «አንገቴ ደህና ነው፤ ግራ እግሬ ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቶሎ ይደክመኛል» አለው። ሐኪሙ መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት እጁን ወደ ልጄ ጆሮ ጀርባ ሰደደና ቫልቩን ዳሰሰ።